ሦስት ጊዜ «እኔ እምለው»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ሙቀቱ ያው ነው። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው አልጋ ሥር ተጋድመዋል። ጠዋት የአምናውን የማሽላ አገዳ ለቅሜ አቃጠልኩ። ቀትር ላይ ሸሕዲ ከተማ ሄድኩ። ደብተር ገዛሁ... ይኼንን።

ባለሱቁ «ለልጅህ ነው?» አለኝ። «ለኔ ነው» አልኩት። ከእግር እስከ ራስ አየኝ። ይየኝ!

ዐርብ ዕለት የማታውን የፊደል ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ከሠላሳ አንድ ሰው ሦስተኛ። ሁለተኛዋ መነጽር አላት፤ አንደኛው ድሮ ዲያቆን ነበር። እነሱን ሲቀንሱ፣ በንጹሕ ውድድር አንደኛው እኔ ነኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «በሩን በቀስታ ይዝጉ»። «ጫት መቃም ክልክል ነው»። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ «እናውቀዋለን እኮ ወንድሜ» አለች። እናንተማ ታውቁታላችሁ። ለኔ ግን ዛሬ ነው የነገረኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አገኘሽ «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለች። «ታሪኬን» አልኳት። «ታዲያ አንድ ገጽ አይበቃም?» አለች።

አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት የኖርኩ ሚስቴ ናት ይቺ።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ተሾምኩ!!

ከቅዳሴ በኋላ የትራክተር ቡድናችን ተሰበሰበ፤ ከትልቁ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር። አሥራ ስምንት ገበሬ ነን። በየዓመቱ አንድ ትራክተር በጋራ እናመጣለን። ጠቡ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የማን መሬት ቀድሞ ይታረስ? ዝናቡ አንዴ ከያዘ ትራክተሩ እንደልቡ አይገባማ።

ጸሐፊያችን ጎንደር ገብቶ ቀርቷል። ሰብሳቢያችን አያ ደረበ «ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ?» ሲሉ እጄ እኔን ሳያማክር ወጣ።

«ትችላለህ?»

«ስሜ ራሱ ምንይችል አይዶለም እንዴ አያ!»

ሳቁ። ጸደቀ። ሹመት እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ድሮ እማር ነበር።

ከዚያ ዕጣ። ሁሉም ምልክቱን በአያ ደረበ ባርኔጣ ውስጥ ጣለ። ጠጠር፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የክብሪት እንጨት፣ የማሽላ ፍሬ... እኔ የእስክሪብቶዬን ክዳን። እትዬ አየሁሽ ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው ቋጠሩ። የሚያወጣው የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያው ሾፌራችን ኢሳ። ከመተማ ዮሐንስ ቀን ሊቆርጥ መጥቶ ነበር። ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ከቆየ በኋላ «ቢስሚላሂ» ብሎ እጁን ከተተ።

ክዳን! መጀመሪያ የወጣው የኔ ክዳን!

ዘለልኩ። አያ ደረበን ሳምኳቸው። ኢሳን ሳምኩት። ኢሳ «ያ ዞል» አለ በሱዳንኛው፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፤ «ጢምህ ይወጋል»።

የእትዬ አየሁሽ ክር መጨረሻ ወጣ። አሥራ ስምንተኛ። ምን ይደረግ፣ ዕጣ ነው።

ሰባት ገጽ ጻፍኩ። የማታ አስተማሪያችን መምህርት ሃይሚ ክፍል ውስጥ «ቃለ ጉባኤ ስትይዙ ከራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ» ብላናለች። አልጨመርኩም። አልቀነስኩም። የሳለ ሰው እንኳ አለበት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ከሱዳን በኩል ደመና ታየ፤ ሄደ። አንደኛ መሆኔን ያልነገርኩት ሰው ቀርቶ ይሆን? የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ረስቻለሁ። ነገ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

እንዴት ብዬ ልጀምር...

ስብሰባ የሚከፈተው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ነው። ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። አገኘሽ እንኳ ከሩቅ ቆማ ታያለች። ሰባቱን ገጽ እንደ ዳዊት ላንበለብለው ነው።

«አያ ደረበ፦ ስብሰባው ተከፍቷል። አንድ ሰው ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ። ወንድማገኝ፦ ባርኔጣው ቀዳዳ አለው ወይ? አያ ደረበ፦ የለውም። የወንድማገኝ አህያ ተፈታች። ወንድማገኝ ተከትሏት ሄደ።»

ሳቁን ልንገራችሁ ብዬ ለማን እነግራለሁ... ይሳቅ ነበር ብቻ። ወንድማገኝ «አህያዬም ተመዘገበች?» አለ። «ተሰብሳቢ ናት» አልኩት። ደስታዬ! ቀጠልኩ።

«እትዬ አየሁሽ፦ እኔ እምለው... ምንይችል፦ እትዬ የሚሉት ምሳ ደርሷል ነው። ሁሉም ሳቀ።»

ዛሬ የሳቁት ጥቂት ናቸው። ገጽ ገለጥኩ።

«እትዬ አየሁሽ፦ እኔ እምለው፣ የወንዙ ዳር መሬት... ምንይችል፦ የወንዙ ዳር አዞ አለ፤ አዞውም ዕጣ ይግባ። ሁሉም ሳቀ።»

ማንም አልሳቀም። ለምን እንደሆነ አላወቅኩም። ባለፈው እሑድ እኮ ሆዳቸውን ይዘው ነበር! ቀልድ እንደ እንጀራ ያድራል እንዴ? ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቀጣዩ ምን እንደሆነ ዓይኔ ቀድሞ አየው። ልዝለለው? አትቀንሱ ብላለች...

«እትዬ አየሁሽ፦ እኔ እምለው... ምንይችል፦ እትዬ፣ አሥራ ስምንተኛ የወጣ ሰው ንግግሩም አሥራ ስምንተኛ ነው፤ አንደኛው ገና አልጨረስኩም። ሁሉም ሳቀ። ስብሰባው ተዘጋ።»

ከደብተሩ ቀና አልኩ።

አያ ደረበ፦ «ቆይ እስቲ። እና ምን አለች?»

«አልተጻፈም አያ።»

«ለምን አልተጻፈም?»

«አላሉማ።»

«ሦስት ጊዜ ጀምራ?»

ገጹን ወዲያ ወዲህ ገለበጥኩ። እሳቸው ወደ እትዬ አየሁሽ ዞሩ። «በይ አየሁሽ፣ አሁን ንገሪን።»

እትዬ አየሁሽ ነጠላቸውን አራገፉ። «አሁንማ ረሳሁት አያ። ፍየሎቹም ተፈተዋል» አሉ። ሄዱ።

ፍየሎቻቸው እኮ ታስረዋል። ከቆምኩበት ይታዩኛል።

ስብሰባው ሲበተን አያ ደረበ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ጽሕፈትህ ጥሩ ነው» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ «ፊትንም ያሳያል፤ እንደ መስተዋት።»

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አገኘሽ ጠዋት ምንም አላለችም። ይኼ ነው የሚያስፈራው። ቁርስ ካቀረበች በኋላ፣ «ሂድና ጠይቃቸው። እግር የለህም?» አለች።

ሄድኩ። እትዬ አየሁሽ ከበረታቸው በር ላይ ገመድ ይገምዳሉ። ባላቸው ከሞቱ አራት ዓመታቸው።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን። ደብተርህን አልያዝክም?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያማ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ምን ነበር ሊሉ የፈለጉት ብዬ ጠየቅኩ። ገመዱን ሳይለቁ ነገሩኝ። በኔ አፍ ሳልጠመዝዘው ልጻፍ፦

«ይኼውልህ... የኔና የስድስት ሰው መሬት ወንዙ ዳር ዋልካ ነው። ጥቁር። አንድ ጊዜ ደኅና አድርጎ ከዘነበበት ለትራክተር ሙጫ ነው፤ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም አይለቅም። ያንተና የሌላው ደግሞ ቀይ አሸዋማ ነው። ዘንቦ በሦስተኛው ቀን ትገባበታለህ። ዕጣው ሰው ይለያል፤ አፈር አይለይም። ትራክተሩ በደረቁ ቀን ቀዩን ሲያርስ ይሰነብትና፣ ዝናብ ሲመጣ ወደኛ ይመጣል። አምና መግቢያዬ ላይ ሰጥሞ ሦስት ቀን ቆፍራችሁ አወጣችሁት። ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ያን ቀን የቀለድኩትም ትዝ አለኝ። ትራክተሩን «ዓሣ ሊያጠምድ ገባ» ብዬ ነበር።

«አምና የሰው ሰሊጥ ሳርም ከረምኩ» አሉ። «ዘንድሮም ካልዘራሁ መሬቱን ለሰው ሰጥቼ ደጋ ወንድሜ ቤት ነው የምገባ። ያው እሱ ነበር ነገሩ።»

ይኼን ነበር ምሳ ደርሷል ያልኩት።

«ዋልካው ይቅደም ነው የሚሉ?»

«ዋልካው ይቅደም። አንደኛ የወጣኸው ደግሞ አንተ፣ መሬትህ ቀይ። ለሱ መስሎኝ ነበር አፌን የምትዘጋኝ።»

«ኧረ እትዬ! ምን ሊሉ እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ብታውቅ ይሻል ነበር» አሉ።

ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ሰድበውኝም አይዶለም።

ከመሄዴ በፊት፣ «ግድ የለም፣ እኔ እናገርልዎታለሁ። አፌን ያውቁታል» አልኳቸው።

«አፍህን አልፈልገውም» አሉ። «ዝም በልልኝ እንጂ።»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

አንደኛ... በዕድሜዬ በዕጣ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ሰርግ ላይ እንኳ ሥጋው ሲደርሰኝ አጥንት ነው። እና ይኼን ልስጥ?

ግን ቀይ አፈር ሦስት ቀን ይጠብቃል። እውነታቸውን ነው። እኔም አውቀው ነበር። ሁላችንም እናውቀዋለን። ለምን አንዳችንም አላልነውም?

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዛሬ መንገድ ላይ «አንደኛው!» ብሎ ጠራኝ። ባልነገርኩት ኖሮ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አያ ደረበ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ትራክተሩ ቅዳሜ ይገባል። አሥራ ስምንታችንም ተገኘን። ኢሳም መጣ።

ደብተሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጥርሴን ነክሻለሁ። እውነቴን ነው፣ በጥርሴ ምላሴን ይዣታለሁ።

«እኔ እምለው...» አሉ እትዬ አየሁሽ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ! አሥራ ስድስት ሰው! ቀልዱን ይጠብቃሉ። እኔ ወደ ደብተሬ። ቀልድ ግን መጥቶልኝ ነበር፤ ጥሩም ነበር። ዋጥኩት። እንደ ኪኒን።

ተናገሩ። የሰኞውን ሁሉ፣ ከዚያም አብልጠው። ሰባቱን የዋልካ መሬት በየስሙ ጠሩ፣ የማን ዘንድ ውሃ ቀድሞ እንደሚቆም ሳይቀር። ይኼን ሁሉ የት አስቀምጠውት ነበር? ሲጨርሱ ወንድማገኝ ተነሣ። ዕጣው ሁለተኛ ነው፤ መሬቱ ቀይ።

«ዕጣ የእግዜር ነው! እግዜር የሰጠኝን ማን ይነሣኛል? አምና እኔ...»

ሌላው ከዚያ ማዶ «አንተ አምና...» አለ። ሌላው «ቆይ አንተ...»። አምስት ሰው ባንዴ። ድሮ ይኼ ነበር የኔ ሰዓት። መሐል ገብቼ አንዷን ጣል ሳደርግ ይስቁና ይበተናሉ። ምንም ሳይወሰን... ለካ ምንም ሳይወሰን ነበር የምንበተን?

እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው ምንይችል?» አሉ አያ ደረበ በሥጋት።

«አልደረስኩባቸውም አያ። አንድ እጅ ነው ያለኝ። አንድ ባንድ ይናገሩልኝ፤ ወንድማገኝ ‹እግዜር የሰጠኝን› ላይ ነኝ።»

ቆሙ። ወንድማገኝ እስክጽፍ ጠበቀ። እኔ ደግሞ ስጽፍ እንደ ኤሊ ነኝ (ይኼን ለመምህርት ሃይሚ አልነግርም)። ሲቀጥል ድምፁ ወርዶ ነበር። ቁጣ ጠብቅ ሲሉት ይበርዳል ለካ። «አምና እኔ... አምና እኔ ቀድሜ ዘርቻለሁ» አለ። ያለውን ሰማው መሰለኝ፤ ጭንቅላቱን አከከ።

ቀጣዩም ጠበቀ። የሚቀጥለውም። ተራ የጠበቀ ሰው ለካ ሌላው የሚለውን ይሰማል፤ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ወንድማገኝ እንደገና ተነሣ። «ዕጣው ግን አይፍረስ። ዕጣ ከፈረሰ የከርሞው በጉልበት ነው የሚሆን።» እውነቱን ነው። ጻፍኩ።

እትዬ አየሁሽ፦ «ማን ይፍረስ አለ? ዋልካው በዕጣው ቅደም ተከተል ይታረስ። ሲያልቅ ቀዩ በዕጣው ቅደም ተከተል። እኔ ከዋልካዎቹም መጨረሻ ነኝ፤ ሰባተኛ። ዕጣዬን አላፈርስም።»

ኢሳ ከጎን፣ «ወላሂ እኔን ብትጠይቁኝ ድሮ እነግራችሁ ነበር። ሰጥሜ የማድረው እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን ጠየቀኝ ያ ዞል? ‹ንዳ› ነው የምትሉኝ።»

ጻፍኩት። እሱንም።

ከዚያ ወንድማገኝ፦ «እሺ፣ አንደኛው ምን ይላል? ከሁላችን የሚጎዳው እሱ ነው።»

እንደገና ዓይን ሁሉ ወደኔ። ብድግ አልኩ። ሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ መሥዋዕትነት፣ ስለ ትልቅ ሰው... አየኋቸው፤ እትዬ አየሁሽ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠዋል።  ሳያቸው አምና የሰጠመውን ትራክተር ነው ያየሁት።

«ስምንተኛ እሆናለሁ» አልኩ። ተቀመጥኩ።

«ይኸው ነው?» አሉ አያ ደረበ።

«ይኸው ነው አያ። ራሴን ልጽፍ ስለሆነ አሳጠርኩት።»

ይቺ አመለጠችኝ። ግን ሳቁ፤ ተወሰነም። አሥራ ስምንት እጅ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ትራክተሩ ገባ። ኢሳ ወንዙ ዳር የማረሻውን ዲስክ ሲያወርድ ዋልካው እየተገለበጠ እንደ ጉበት ያበራ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ። አንዳንዱ «ዝናብ የለ ምን የለ፣ በከንቱ ዕጣህን ሰጠህ» አለኝ። ዝም አልኩ። ሰሞኑን ይለምድብኝ ጀመር።

እሑድ፣ ሰኔ 8

በሰንበት ይታረስ አይታረስ ክርክር ተነሣ። ኢሳ «ሰንበቱ የናንተ፣ መሪው የኔ። አምና ዐርብ ዐርብ ጁምዓ ስሄድ ስትጠብቁኝ አልነበረም?» አለ። ቄሱ ሰምተው «እኔ አላየሁም» ብለው በሌላ መንገድ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ጭቃዬን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። በደስታ።

ጠዋት ስድስተኛው ዋልካ አለቀ። የቀረው የእትዬ አየሁሽ። ቀትር ላይ ደመናው ከምዕራብ ተነሣ። ጥቁር። እንደ ፊተኞቹ አልሄደም። ሁላችንም ያለንበትን ጥለን ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። ምን እንደምንሠራ አናውቅም፤ ትራክተር አይገፋ! ብቻ ቆምን።

ኢሳ መብራት አብርቶ፣ በቀን፣ ይነዳል። እትዬ አየሁሽ ዘራቸውን አስቀድመው በትነው ከማሳው ጫፍ ቆመዋል። ነፋሱ ነጠላቸውን ይወስደዋል።  ወንድማገኝ ከጎኔ «ስንት ዙር ቀረው?» አለኝ። «አራት።» አህያዋ ጠፍታበት እንኳ እንዲህ ሲጨነቅ አላየሁትም።

ሦስት... ሁለት... የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ትልቅ። ለብ ያለች።

የመጨረሻው ዙር። ኢሳ ጫፍ ላይ ዲስኩን አነሣና ከማሳው ወጥቶ መንገዱ ላይ ሲቆም ሰማዩ ተቀደደ። «ኸላስ! አለቀ!» ብሎ ጮኸ ከላይ። «ኸላስ፣ ያ ጀማዓ!»

ዕልልታው! አገኘሽ ነበረች የጀመረችው። አያ ደረበ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ጨፈሩ። ባርኔጣቸው በረረ። በስብሰን፣ ጭቃ ጠግበን... እትዬ አየሁሽ ብቻ ቆመው መሬታቸውን ያያሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ሰማዩ ከፈት ካለ ሦስተኛ ቀኑ። ትራክተሩ ቀዩ መሬቴ ላይ ያለ ችግር ገባ። እንዳሉት። ኢሳ «ስምንተኛው! እንኳን ደስ ያለህ!» ይለኛል። ዘራሁ። ወንድማገኝ ነገ ነው። ወንዙ ዳር ያለው ዋልካ ግን ዛሬም ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰጥምበታል። አለቀ በቃ፣ ከተዘራ ምን ገዶት።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ስብሰባ። አጀንዳ፦ አራሚ ሠራተኞችን በጋራ ከሸሕዲ ስለማምጣት።

ስሄድ በወንዙ ዳር አለፍኩ። የእትዬ አየሁሽ ሰሊጥ ስንዝር አልፏል። አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። የኔ ትንሽ ያጥራል። ትንሽ ነው። እንጃ፣ በደንብ አልለካሁትም።

ቃለ ጉባኤውን አነበብኩ። አሁን ሳል አልመዘግብም። መምህርት ሃይሚ ያለፈውን አይታው እንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ «አትቀንሱ ስል ነገሩን ነው ጋሽ ምንይችል፣ አህያዋን ቀንሳት» ብላኛለች። አንድ ነገር ግን ጨምሬያለሁ። ከመዘጋቱ በፊት «ጀምሮ ያልጨረሰ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከደጋ ከመጡ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ድምፃቸውን ሰምቼው አላውቅም። «እኔማ ጀምሬም አላውቅ» አሉ። ጀመሩ። ጎርፉ የማንን ማሳ ሊበላ እንደሆነ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ! ነገ ቦይ ልንቆፍር ነው።

እትዬ አየሁሽ ሠራተኞቹን ከሚያመጡት ሦስት ሰዎች አንዷ ሆነው ተመረጡ። ተነሥተው ተናገሩ፣ ረዥም። ማንም አላቋረጣቸውም። ከዚያ አያ ደረበ ወደኔ ዞሩ፦ «ምንይችል፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«እስማማለሁ አያ።»

እትዬ አየሁሽ እጃቸውን አወጡ። በሥርዓት። «አያ ደረበ፣ ይኼን ልጅ አትቀስቅሱት። አንድ ቀን ዝም ቢል ሰባት ሰው ዘራ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ቢልማ ሱዳንን በሰሊጥ እናለብሳት ነበር።»

ሒሳቡን ሊቀበል የመጣው ኢሳ ከወንበሩ ወደቀ። አያ ደረበ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወንድማገኝ ወገቤን እየደበደበ ይስቃል፣ ለምን ወገቤን? እኔ ራሴ እንባዬ መጣ።

እስኪበርድ ጠበቅኩ። እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ከ‹ዓመቱን ሙሉ› ጀምሮ ይድገሙልኝ። ልጽፈው ነው።»